ከሳጥኑ በፊት ሥሩን፦ የካምፒንግ ተሳቢ ስንሠራ ያየነው

ይህን የምጽፈው ከመኪናው ኋላ የሚጎተት፣ ሁለት ሰው የሚተኛበት፣ ኮሮኮንች የሚችል የካምፒንግ ተሳቢ ራሱ ሊሠራ አስቦ የብረት ዋጋ ማጠያየቅ ለጀመረ ሰው ነው። ብረቱን ገና ካላስቆረጣችሁ እሰየው። ካስቆረጣችሁም ከወለሉ በላይ ያለው ሁሉ በኋላ ይስተካከላል፤ የሚያስቸግረው ከወለሉ በታች ያለው ነው። ስለዚህ ብዙውን እዚያ ላይ አወራለሁ። ስለ መጋረጃና ስለ ትራስ ቀለም የምለው የለኝም።

እኔና ባለቤቴ የድንኳን ሰዎች ነበርን። ላንጋኖ፣ አዋሽ፣ ወንጪ፣ ዲንሾ እያልን ብዙ ቦታ አድረናል። የተሳቢ ሐሳብ የመጣው ወገቤ መሬት ላይ መተኛትን እምቢ ሲል ነው። ተሠርቶ ያለቀውን ከውጭ ለማስመጣት አስበን ቀረጡን ስንሰማ ዝም አልን። መኪናችን አሮጌ ሃይሉክስ ነው፤ የምነግራችሁም በእሱ ልክ የተሠራውን ነው።

የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ወረቀት ነው። ከባዶ ተነስቶ አዲስ ተሳቢ ከመሥራት ሊብሬ ያለው አሮጌ ተሳቢ ፈልጎ ከላይ ያለውን መለወጥ ይሻላል። ድርጅቶች ንብረት በጨረታ ሲያስወግዱ ጄኔሬተር ወይም የውኃ ታንከር ይሸከሙ የነበሩ ትንንሽ ተሳቢዎች አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፤ የእኛም የጄኔሬተር ነበር። ለማየት ስትሄዱ የሽቦ ብሩሽና የእጅ ባትሪ ያዙ። የሻንሲ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዝገትና ቀለም ሥር ስለሚደበቅ ፍቃችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። ካልገጠመ ምንም ያህል ቢረክስ ጥላችሁት ሂዱ። ቅርጹንም ስለምትለውጡት ብረት ከመንካታችሁ በፊት ንድፉን በወረቀት ሥላችሁ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉና ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ከመባል ይሻላል።

ገንዘባችሁን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን ለሻንሲው፣ ለመጎተቻ ክንዱ፣ ጎማዎቹን ለሚይዘው አክስል፣ ተደራራቢ ዝርግ ብረት ለሆነው ባሌስትራና ለጎማው አስቀምጡትና ምንም ቢመጣ አትንኩት። ሰው ሁሉ የሚያየው ሳጥኑን ስለሆነ ገንዘቡም ወደዚያ መሄድ ይወዳል፤ ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ የወጥ ቤቱ መሳቢያ ያጓጓል። እነዚያ ግን ቀስ ብለው በዓመት በዓመቱ ሊገቡ ይችላሉ። እኛ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፍነው ፍራሽና አንድ አምፖል ብቻ ባለው ባዶ ሳጥን ነው፤ ምንም አልጎደለብንም።

አሁን ወደ ብየዳው። የመጀመሪያው በያጃችን የሰፈር በርና መስኮት ሠሪ ነበር። እጁ ንጹሕ ነው፣ ሥራውም ያምራል። የመጎተቻ ክንዶቹን ከሻንሲው ጋር በይዶ፣ በግራይንደር አስተካክሎ፣ ስቱኮ መርጎ፣ አንቲረስት ሲቀባው መጋጠሚያው የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም ነበር። ከከተማ ወጣ ብለን በፒስታ ለሙከራ ጎተትነውና ምንም አልሆነም፤ ወይም እንዲያ መስሎን ነበር። በዚያው ሰሞን ባሌስትራ ፍለጋ መርካቶ ስንዞር የአይሱዙ ካሶኒ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ደረስን። ስለ ባሌስትራው ከማውራታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ክንዱን አዩና ትንሽ መዶሻ አንስተው መጋጠሚያው ላይ መታ መታ አደረጉት። ስቱኮው ተፈንቅሎ ወደቀ። ከሥሩ ከብየዳው ጠርዝ ተነስቶ ወደ ብረቱ የገባ፣ ጥፍር የማያስገባ ቀጭን ስንጥቅ ነበረ፤ ዳርዳሩ ገና ከአሁኑ ዝገት ይዞታል።

«ልጄ፣ ይሄ የግቢ በር አይደለም» አሉኝ። «በር ቆሞ ነው የሚውል። ይሄ ቀኑን ሙሉ ሲመታ ነው የሚውለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ስቱኮውን ሁሉ አራግፈህ አምጣው። ያላየሁት ብየዳ ላይ ሌላ አልደርብም።»

ሥራው የተቀየረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከእሳቸው የተማርኩትን ልንገራችሁ። ክንዱ ከሻንሲው ፊት ለፊት ባለው አግድም ብረት ላይ ጫፉ ብቻ ተለጥፎ መቅረት የለበትም። ከሻንሲው ሥር ገብቶ፣ ቢያንስ ሁለት አግድሞችን አልፎ፣ እስከ ባሌስትራው የፊት መያዣ ቢደርስ ኃይሉ በረጅም ርቀት ይከፋፈላል። ዋናውን ብረት አግድም አቋርጦ የሚያልፍ ብየዳ መሰንጠቅ የሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ ብየዳው በብረቱ ርዝመት እንዲሄድ ይደረጋል። ማጠናከሪያ ላሜራ ሲለጠፍም አራት ማዕዘን ሳይሆን ጫፉ የሾለ ሆኖ ይቆረጣል፤ አራት ማዕዘኑ ሲያልቅ ኃይሉ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ያርፋል፣ የሾለው ግን ቀስ እያለ ያስተላልፈዋል። ብየዳን በግራይንደር ማስተካከል ለግቢ በር ውበት ነው፤ መጎተቻ ላይ ግን የሚሸከመውን ሥጋ መቀነስ ነው። በሸካራነቱ ይቅር፣ ቀለም ብቻ ይቀባ። ስንጥቅ ቢመጣ ቀለሙ ላይ ይታያችኋል፣ ስቱኮ ግን ይደብቅባችኋል።

ብረት ስትገዙ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱና የተቆረጠውን ጫፍ ለኩ። 4 ሚሊ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 4 አይደለም። ለክንዱ 80 በ40 ባለ 4 ሚሊ አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ተጠቀምን፤ ለሳጥኑ አጽም ግን 25 በ25 ባለ 1.5 ሚሊ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ተሳቢው ከመኪናው ጋር ተያይዞ፣ የመብራት ሶኬቱም ተሰክቶ ሳለ እንዳይበየድ። የብየዳው ኃይል በዚያ መስመር ተመልሶ የመኪናውን ኤሌክትሪክ ሊያበላሽ ይችላል።

አክስልን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፤ የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጎማ ጋር አንድ ይሁን። የእኛ ሃይሉክስ 6 ብሎን ነው፣ ብሎኖቹ የተቀመጡበት ክብ ስፋትም 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ላንድክሩዘር ያላችሁ ግን ቁጠሩ፤ 5 ብሎን ያላቸው አሉ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የሃይሉክስ ሀብ (ጎማው በብሎን የሚታሰርበትን) ገዝተን ቶርኖ ቤት ወስደን ለአክስሉ ጫፍ አስገጠምነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም ከመኪናው ጋር እኩል ሆኗል። ይህ ለጭቃ ነው፤ የመኪናው ጎማ በቀደደው መስመር የተሳቢው ጎማ ገብቶ ይከተላል። ጠበብ ወይም ሰፋ ካለ በየራሱ አዲስ መስመር ሲቀድ መኪናውን ያደክማል።

የጄኔሬተር ተሳቢ ባሌስትራ ለፍራሽና ለድስት በጣም ጠጣር ነው። ባዶውን ስትጎትቱት ይዘላል፣ የዘለለው ሁሉ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። ከዝርግ ንብርብሮቹ የተወሰኑትን አስወጣን፤ ስንት እንደሚወጣ ግን የሚወሰነው ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ሲጫን ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ ግን እስከ ማቆሚያው ድረስ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። የባሌስትራውን ዝላይ የሚያረጋጋ አሞርዛተርም ግጠሙ። ብዙ በያጅ «ለተሳቢ ምን ያደርጋል?» ይላችኋል። በአስፋልት ልክ ነው፣ አያስፈልግም። እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ የጠጠር መንገድ ላይ ግን አሞርዛተር የሌለው ባሌስትራ አንዴ መዝለል ከጀመረ አያቆምም፤ ጎማው ከመሬት እየተነሳ ይሄዳል፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም ብሎኑም እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። የጎማ ንፋስ መቀነስም ይረዳል። በአስፋልት 35 ፒ.ኤስ.አይ. የያዝነውን ጠጠር ላይ ስንወጣ ወደ 25 እናወርደዋለን፣ ፍጥነታችንንም አብረን። ትንሽ የኤሌክትሪክ መንፊያ ስለያዝን አስፋልት ስንደርስ መልሰን እንሞላዋለን።

ከመኪናው ጋር የሚያያዘውን በተመለከተ ከተማ ውስጥ የሚታየው 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ለአስፋልት ጥሩ ነው። ቦይ በሰያፍ ስትሻገሩ ግን መኪናው ወደ ግራ ሲያጋድል ተሳቢው ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ኳሱ ላይ ያለው መያዣ የሚጠማዘዝበት ልክ ስላለው ከዚያ ካለፈ ወይ ይጎዳል ወይ ይወጣል። እኛ የድሮ ወታደራዊ ተሳቢዎች ላይ ያለውን የቀለበትና የመንጠቆ ዓይነት መረጥን፤ ቀለበቱ እንደፈለገ ይዞራል። ድምፁ ያናድዳል፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ኳ ይላል፤ ለምደነዋል። የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት የደኅንነት ሰንሰለት በመስቀል ከክንዱ ሥር እሰሩ። መያዣው ቢለቅ ክንዱ የተሻገሩት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይወጋም።

አሁን ሳጥኑ። እዚህ የምትጣሉት ከክብደት ጋር ነው። በያጁ ላሜራ ይላችኋል፤ ላሜራ ያውቃል፣ ይበየዳል፣ ዋጋውም ይቀላል። ግን ሒሳቡን ሥሩት። 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። የእኛ ሳጥን ወለል፣ ጣሪያና ግድግዳው ተደምሮ 16 ካሬ ገደማ ነው። በ1.5 ሚሊ ላሜራ ቢሸፈን ወደ 190 ኪሎ ይመጣል፤ በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ግን 65 ኪሎ። ልዩነቱ ከስድስት ጀሪካን ውኃ ይበልጣል፣ ገና አጽሙ፣ ፍራሹና ባትሪው ሳይቆጠር። ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶም ቀላል አይምሰላችሁ፤ አንድ ሙሉ ቅጠሉ ወደ 20 ኪሎ ነው። እኛ ግድግዳና ጣሪያውን አሉሚኒየም፣ ወለሉን ብቻ ኮምፔርሳቶ አደረግን። ከውስጥ በስስ ፎም ሸፈንነው፤ ሌሊት የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ላቦ እንዳይንጠባጠብ።

አሉሚኒየምን በቀጥታ ብረት ላይ አትለጥፉ። ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ በመገናኛው ላይ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። በመካከላቸው ማጣበቂያ ይግባ፣ ምርጡ ደግሞ የመኪና የፊት መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁር ማጣበቂያ ነው፤ የመኪና መስታወት ገጣሚዎች ጋ ታገኙታላችሁ። ተለጥጦ የሚመለስ ስለሆነ ንዝረቱን ይችለዋል። ሪቬቱ ማጣበቂያው እስኪደርቅ የሚይዝ ረዳት ነው። ሲሊከን ግን ለመታጠቢያ ቤት ተዉት፣ በመንገድ ላይ ይላቀቃል፣ ቀለምም አይዝለትም።

ሳጥኑ ከቆመ በኋላ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ማሰብ ይመጣል። ተሳቢው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መንጠቆው ላይ መጫን አለበት። 700 ኪሎ ከሆነ ከ70 እስከ 105 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት የቤት የሰው ሚዛን ይበቃል፦ ሜዳ ቦታ ላይ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፋችሁ፣ ሚዛኑን በመኪናው መንጠቆ ከፍታ ልክ የእንጨት ጉርድ ላይ አስቀምጡና ክንዱን አሳርፉበት። ጠቅላላውን ምድር ሚዛን ላይ መዘኑ፣ ውኃና ምግብ ሞልታችሁ። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ የገባን አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ነው። ውኃውን ከኋላ፣ ወጥ ቤቱንም ከኋላ አድርገን ሄድን፤ ፍጥነት ጨመር ስናደርግ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፣ መኪናውንም አብሮ ይዞት ነበር። እንዲህ ሲሆን ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውንም ለማስተካከል አትታገሉ። እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ራሱ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ ቆማችሁ ከባዱን ዕቃ ወደ አክስሉና ወደ ፊት አምጡ። ውኃችን አሁን ቋሚ ታንከር ውስጥ አይደለም፤ ሦስት ቢጫ ጀሪካን ከአክስሉ በላይ ታስሮ ይሄዳል። አንዱ ቢቀደድ ሁለቱ ይተርፋል፣ ምንጭ ዘንድ ደግሞ ጀሪካኑን ይዞ መውረድ እንጂ ተሳቢውን መውሰድ አያስፈልግም።

ከሁሉ ያስቸገረን አቧራ ነው። ጉዟችን በአሰላ፣ በዶዶላ፣ በዲንሾ አድርጎ ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ በጠጠሩ የባሌውን የሰነቴ አምባ አቋርጦ ሪራ ነበር። ሪራ ደርሰን በሩን ስንከፍት አልጋ ልብሱ ቀለሙን ቀይሯል። ባለቤቴ ረከቦቱን በሁለት ፎጣ ጠቅልላ በካርቶን አስገብታው ነበር፤ ስትፈታው በእያንዳንዱ ሲኒ ቂጥ የደቀቀ ቡናማ ዱቄት ተቀምጧል። ፎጣውን አልፎ፣ ካርቶኑን አልፎ። በሩ ግን በደንብ ተዘግቶ ነበር።

ምክንያቱን ካወቁት መፍትሔው አይከብድም። መኪና ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ አቧራውም እዚያ ይንሳፈፋል። ተሳቢው በዚያ አቧራ መካከል ነው የሚሄደው። የሳጥኑ ውስጥ ግፊት ከውጭው ካነሰ እያንዳንዷ ቀዳዳ አቧራ ትስባለች፤ የኋላ በር ደግሞ ዋናው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ቀዳዳ መድፈን። ቀዳዳውን ቀን ላይ አታገኙትም። ማታ ጠንካራ አምፖል ውስጥ አብርታችሁ በሩን ዝጉና ውጭ በጨለማ ዙሩት፤ ብርሃን በወጣበት ሁሉ አቧራ ይገባል። የእኛ ወለል ላይ ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችና የሪቬት ቀዳዳዎች ሲያበሩ አፈርን። ለበሩ የሚኒባስ በር ጎማ ገዛን፣ ሲዘጋ ግን የሚጫነው መቆለፊያ ያስፈልገዋል፤ ዝም ብሎ የሚገጥም በር አይበቃም። ለማረጋገጥ ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ ይዛችሁ ዝጉና ሳቡ። በቀላሉ ከወጣ ጎማው እዚያ ጋ አልያዘም ማለት ነው፤ ዙሪያውን በሙሉ እንዲህ ሞክሩ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ አየርን ራሳችሁ አስገቡ። ከሳጥኑ ፊት ከላይኛው ጫፍ፣ አቧራው ገና ባልደረሰበት ከፍታ፣ ወደ ፊት የሚከፈት ትንሽ መስኮት አበጀንና ከውስጥ በኩል የመኪና አየር ፊልትሮ ገጠምንበት። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ በፊልትሮው ተጣርቶ ይገባል፣ ውስጡ ከውጭው ትንሽ ግፊት ይበልጣል፣ በቀዳዳ የሚያልፈው አየርም ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አይሆንም። በሚቀጥለው ጉዞ ሲኒዎቹ ንጹሕ ነበሩ። ሌላ ማንኛውም የጣሪያና የኋላ ንፋስ ማስገቢያ ግን በጉዞ ላይ ዝግ ይሁን።

አሁን ከዚህ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳይ አለ። እንዲህ የታሸገ ሳጥን ውስጥ ሰው ያድራል። ስለዚህ ለሌሊት የሚከፈት አንድ ዝቅ ያለ፣ አንድ ከፍ ያለ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ሥሩ፣ ሳትከፍቱም አትተኙ። የከሰል ምድጃ በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይግባ። ሰነቴ ላይ ብርዱ ሲመጣ «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው፣ ለትንሽ ጊዜ እናሙቀው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ለእኛም መጥቷል። ጭስ የሌለው ፍም ነው የበለጠ የሚያታልለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ለብርዱ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ጋዝ ምድጃም ከሆነ ከውጭ በኩል በሚከፈት ክፍል ውስጥ ይሁን እንጂ ከመኝታው ጋር አንድ ቤት አይጋራ።

ሰነቴ ሌላም ያስተምራል። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ለንዝረት ግሩም ነው፣ 100 አምፔር ሰዓት ያለው 12.8 ቮልቱ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ለፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ ይበቃናል። ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፣ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች የጣሪያው ሶላር መሙላት ሲጀምር ባትሪው ገና የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ነው። ስትገዙ በብርድ ራሱን መሙላት የሚያቆም መሆኑን አረጋግጡ፣ ቦታውም ክንዱ ላይ ሳይሆን ከመኝታው ሥር ይሁን፤ የሁለት ሰው ሙቀት ይበቃዋል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ምግብም አስቡበት፤ በዚያ ከፍታ ውኃ ከ90 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ምስር ስትጠብቁ ጋዛችሁ ያልቃል። በትንንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው ቡቴን ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፣ ምድጃው ይሞታል። ሽሮ ይዛችሁ ውጡ፣ ምስሩን ዶሎ መና ስትደርሱ አብስሉት።

ከሰነቴ ወደ ሪራ የሚወርደው ቁልቁለት ስለ ፍሬን ያሳስባል። አውሮፓ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ እኛም ይህንኑ መለኪያ አድርገን ከ700 እንዳይበልጥ ታገልን። የእናንተ ከበለጠ ፍሬን ሳትገጥሙ ተራራ አትውጡ። ካልበለጠም ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ይዛችሁ ውረዱ። ስለ ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ፦ እጃችሁን የመሪው ታችኛው ክፍል ላይ አድርጉ፤ ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ እጃችሁን ውሰዱት። ሜዳ ላይ ሳትለማመዱ ጠባብ መንገድ አትግቡ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ተሳቢ ይዞ ጠባብ መንገድ ላይ ዞሮ መመለስ ቀላል አይደለም።

ውስጡን በተመለከተ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መደርደሪያ በር አይፈልግም። ማግኔት መቆለፊያ ሁሉ በኮሮኮንች ይከፈታል። መረብ ወይም ባለ ዚፕ ሸራ ስቀሉ። ዳዶው ሁሉ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው፣ የማይላላ ዓይነት ይሁን፤ ከጠበቀ በኋላ ብሎኑንና ዳዶውን አቋርጦ የሚያልፍ የቀለም መስመር አስምሩበት። ከጉዞ በኋላ መስመሩ የተሰበረውን በዓይን ታያላችሁ፣ ሁሉን በቁልፍ መፈተን ይቀራል።

ረጅም ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ቅርብ ቦታ ላይ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ሙሉ ጭነት ጭናችሁ ሞክሩት። የጎማ ብሎኖችን 50 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። በቆማችሁ ቁጥር መዳፋችሁን ሀብ ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ካቃጠለ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ብዙ ከጋለ ኩሽኔታው ወይ ጠብቋል ወይ ግሪስ አጥቷል። እኛ አንድ ሙሉ የኩሽኔታ ስብስብ ከነፓራኦሊዮው (ግሪሱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ)፣ ግሪስ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ብሎን፣ የባሌስትራው የመሐል ብሎን፣ ፊውዝና የፍሬቻ አምፖል በአንድ ጣሳ ይዘን እንጓዛለን። ስኮርታ ሁለት አለን፣ አንዱ መኪናው ላይ፣ አንዱ ተሳቢው ጀርባ፤ ሁለቱም ለስድስቱም ጎማ ይሆናሉ።